በቀዩ ላይ ጥቁር

ፍቅርተ የግቢውን በር ብትገፋው አልከፈት አላት። በጠራራ ፀሐይ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"የሺዋስ! ኧረ ማን አለ?"

ከጓሮ ይሰማ የነበረው ፍስስ የሚል ድምፅ ቆመ። የቀለም ሽታው እስከ መንገዱ ወጥቷል። ባሏ መቀርቀሪያውን እስኪያነሳ ድረስ ብዙ ቆየ። ሲከፍትላት አፍና አፍንጫውን በአሮጌ ሻሽ ሸፍኗል፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

"ምነው በጊዜ?" አላት።

"ተማሪዎቹ ፈተና ጨርሰው ተለቀቁ። አንተስ ሥራ አልገባህም?"

"አስፈቅጄ ነው።"

አልፋው ወደ ጓሮ ዞረች። ሞተር ሳይክሉ ተፈታቶ ጎማዎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ባዶው ፍሬም ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ገሚሱ ቀይ፣ ገሚሱ ጥቁር ሆኗል።

የሺዋስ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከብት የሚያክም ባለሙያ ነው። ጭቃ በነካት ቁጥር ከራሱ ጫማ በፊት ሞተሯን የሚያጥብ፣ ቀይነቷን ሰው ሲያደንቅለት ፊቱ የሚበራ ሰው ነው።

"ምን ሆና ነው የምትቀባት?"

"ዝጋለች። ብሸጣትስ ብዬ… ጥቁር ገዢ ይወዳል።"

"ልትሸጣት? መቼ አሰብከው?"

"አሰብኩታ!" ጀርባውን ሰጥቷት የቀለሙን ቆርቆሮ ይነቀንቅ ጀመር።

ፍቅርተ ቀረብ ብላ አየች። ገና ባልተቀባው በኩል አንዲት የዝገት ነጥብ የለም። የግራው እግር መርገጫ ግን ወደ ኋላ ታጥፏል፤ ተፈቶ መሬት ላይ የተቀመጠው የፊት መብራትም መስታወት የለውም።

"ይህስ?"

"ወድቄ ነው።"

"የት?"

"መንገድ ላይ ነዋ! ሽታው ያሳምምሻል፣ ግቢ ወደ ቤት።"

እሾህ ቢወጋው እንኳ ሳምንት የሚያወራ ሰው ከሞተር ወድቆ ዝም ይላል?

"መልካሙ ቢኖር ባገዘህ ነበር" አለች። መልካሙ አብሯቸው የሚኖር ታናሽ ወንድሙ ነው።

"አንበሳሜ ከተማ አክስቴ ዘንድ አይደል ያለ? ሥራ ሊፈልግ።"

ይህን እንዳለ ስልኩ ጮኸ። ስሙን አየና ወደ ኩሽናው ጀርባ ሄደ። "አትምጣ ነው የምልህ… እኔ እጨርሰዋለሁ" ሲል ሰማችው። ሲመለስ ማን እንደሆነ ብትጠይቀው "ከመሥሪያ ቤት" አላት።

ያን ጊዜ ነው የሥራ ባልደረባዋ ማስተዋል ያወራቻት ትዝ ያላት። ሐሙስ ለታ፣ ድንች ሸጠው በጋፋት መንገድ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴትዮ ሞተር ገጭቷቸው አምልጧል። ቀይ ሞተር ነው ተብሏል። ፍቅርተ በሰዓቱ ከንፈሯን መጥጣ ነበር ያለፈችው። አሁን ግን ዓይኗ ከባሏ ጥቁር ጣቶች ላይ አልነሣ አለ።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ማስተዋልን ፈልጋ አገኘቻት።

"እኒያ ሴትዮ እንዴት ሆኑ?"

"እትዬ ትርንጎ? ዘመዴ እኮ ናቸው። ጭናቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። የገጫቸው ሰው ፊቱን ሸፍኖ ስለነበር መልኩን አላዩትም። ወርዶ ግን አነጋግሯቸዋል። 'ድምፁን ብሰማ ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ' ይላሉ።"

ያን ቀን ማታ ፍቅርተ እራት እያቀረበች፣ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ፣ "ነገ በምሳ ሰዓት ሞተር የገጫቸውን ሴትዮ፣ የማስተዋልን ዘመድ፣ ሆስፒታል ሄደን እንጠይቃቸው። አብረኸኝ ና" አለችው።

የሺዋስ ጉርሻውን ይዞ ቆመ። "የማላውቃቸውን ሴትዮ?"

"ማስተዋል በእናቴ ለቅሶ ከጎናችን አልነበረችም እንዴ?"

ረጅም ጊዜ አያት። እንቢ ይላል ብላ ጠበቀች። እንቢ ቢል እሱ መሆኑን ባወቀች ነበር።

"እሺ" አለ።

እሺታው ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረባት። ድምፁን ሊቀይር ይሆን? ዝም ብሎ ሊቆም ይሆን?

በነጋታው አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ሄዱ። እትዬ ትርንጎ እግራቸው ክብደት ተንጠልጥሎበት በጀርባቸው ተኝተዋል። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

"እግዚአብሔር ይማርዎ" አለች ፍቅርተ።

"አሜን፣ ያኑርሽ ልጄ።"

ከዚያ ሆን ብላ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። የሺዋስ ወደ አልጋው ጠጋ አለ።

"እግዚአብሔር ይማርዎ እማማ። ሕመሙ እንዴት ነው? ሌሊት ይጠዘጥዝዎታል?"

ድምፁ ያው የዘወትር ድምፁ ነበር። ፍቅርተ የሴትዮዋን ፊት ተመለከተች። ሴትዮዋ አንገታቸውን አቅንተው አዩት።

"ዛሬስ ተመስገን። ማን ልበል፣ ልጄ?"

"የሺዋስ እባላለሁ። ግብርና ነው የምሠራ።"

"ተባረክ፤ ሳታውቀኝ ጠየቅኸኝ። የገጨኝስ ልጅ እግር ነው፤ ድምፁ ገና አልጎረነነም። 'እማማ፣ እማማ' እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግፎ ከዛፍ ጥላ አስቀመጠኝና ሰው ልጥራ ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ።" ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳቡ። "ከስብራቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። መጣ፣ መጣ እያልኩ መንገድ መንገዱን ሳይ መሸብኝ።"

የሺዋስ አጥሚቱን ሊቀዳላቸው ጀምሮ ነበር። ኩባያው ሞልቶ ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ።

ወደ ውጭ ሲወጡ ፍቅርተ በእፎይታና በኀፍረት መካከል ነበረች። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፍታ ሳለ ፊቱን አየችው። ሲገባ ምንም ያልመሰለው ሰው አሁን ላብ አጥምቆታል።

"የሺዋስ፣ ሐሙስ ሞተሯን ማን ነዳት?"

"እኔ በመሥሪያ ቤት መኪና ለክትባት ጉና ወጥቼ ነበር።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጠ።

"መልካሙ" አለ። "'ሰው ጠርቼላቸው ነው የመጣሁ፣ አንስተዋቸዋል' ነበር ያለኝ። አምኜው ነበር፤ የዋሸኝን ገና አሁን ከሳቸው አፍ ሰማሁ። እናታችን ስትሞት 'አደራህን' ብላ የሰጠችኝ እሱን ነው። ይታሰርብኛል፣ ፍቅርተ።"

"እኔ ደግሞ አንተን ነው የጠረጠርኩት። አጠገብህ ተኝቼ የማላውቀው ሰው አደረግሁህ።"

"ገብቶኛል። እሺ ብዬ የመጣሁት ለዚህ አይደል? እኔ አለመሆኔን ካየሽ ነገሩ እዚህ ላይ ይቆማል ብዬ ነው።"

"ለእሳቸውስ ቆሟል?"

አስታማሚዎች ሳህንና ፔርሙዝ ይዘው በፊታቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ፍቅርተ ባሏ የሚያደርገውን ጠበቀች። የሺዋስ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ሃሎ፣ መልካሙ። በል ተነስና ና… ዛሬውኑ፣ ሚኒባስ አለ።" ወዲያ ማዶ ያለው ድምፅ ረዘም አድርጎ አወራ። የሺዋስ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማው። "ሰማሁህ። መጀመሪያ ሴትዮዋ ዘንድ ትገባለህ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ። አይ፣ ወደ ቤት አትሂድ። ሆስፒታሉ በር ላይ ነን፤ እስክትመጣ ከዚህ አንነሳም።"

ፍቅርተ ነጠላዋን አጣፋችና ካቡ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።