ወይዘሪትን ወንዝ ያሻገረች

ፈቲሀ አንዴ ቆሽቷ ካረረ የሚመልሳት የለም። የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሚያሳርር ነገር ገጥሟታል። ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ነገሩም ለሠርግ የታዘዘ ቅቤ ነው። አረቅጥ ገበያ ድረስ ወጥታ፣ እያሸተተች መርጣ ያመጣችውን፣ በኮባ ጠቅልላ ማድቤቷ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠችውን ቅቤ፣ ወይዘሪት መሀል መሀሉን ስትልሰው አደረች። የተረፈው ላይ የእግሯ ምልክትና የሆዷ ጠጉር ቀርቷል። ይሄን ማን ክትፎው ላይ ያደርገዋል?

ወይዘሪት የጎረቤቷ የቲቸር አሰገደች ድመት ናት። ቲቸር ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ቡታጅራ የመጡት ገና በልጅነታቸው ነው። እዚሁ አገቡ፣ ሳይወልዱ ባላቸውን ቀበሩ፣ ጡረታ ወጡና እዚያው ግቢ ቀሩ። ፈቲሀን ሦስተኛ ክፍል አስተምረዋታል፤ ሦስት ልጅ ወልዳ እንኳ ዛሬም «ቲቸር» ነው የምትላቸው። ድመቷን ወይዘሪት ያሏት በአረማመዷ ነው። ሲበሉ አብራቸው ትበላለች፣ ሲተኙ እግራቸው ሥር ትተኛለች፣ ሬዲዮ ሲከፍቱ ከጎናቸው ቁጭ ትላለች።

ታዲያ ሄዳ አትነግራቸውም ነበር? ነግራለች እኮ! ያውም ከዚህ በፊት ስትሰርቃት ሁለቴ። «እሺ ልጄ፣ እቆጣታለሁ» ይሏታል። ድመት በቁጣ ይመከራል እንዴ? እንዳትገድላት ሀራም ነው፤ ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ያገሩ ሰው ሌባ ድመት ስታስቸግረው ጆንያ ውስጥ ይከታታል፣ መንገዱ እንዲጠፋት ጆንያውን ሦስት ጊዜ ያዞረዋል፣ ከዚያ ወንዝ አሻግሮ ይለቃታል። ወንዝ የተሻገረች ድመት አትመለስም ይባላል። ፈቲሀም እንደዚያው አደረገች። የቆሼ ገበያ ቀን ስለነበር ጆንያውን ከሌላው ዕቃዋ ጋር አድርጋ ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ወንዙን ተሻግራ ቆሼ ስትደርስ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ፣ ገለባ ክምር አጠገብ ጣለችው። አፉንም ፈትቻለሁ ብላ ሄደች።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቲቸር በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ፈቲሀ፣ ወይዘሪትን አይተሻታል?»

«ኧረ እኔ አላየሁም ቲቸር።»

ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት! በማግስቱ ግን ቲቸር ነጠላቸውን አጣፍተው ሊፈልጉ ወጡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ብቻቸውን ይሂዱ ብላ መተው አልቻለችም። ዓይኗን በጨው አጥባ አብራቸው ወጣች።

«ወይዘሪት! ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ!» ይላሉ ቲቸር በየቦዩ እያጎነበሱ።

«ውሮ፣ ውሮ» ትላለች ፈቲሀ ከኋላቸው።

ሦስት ቀን እንዲህ ሲዞሩ ከረሙ። ቲቸር ላገኙት ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» ይላሉ፤ ፈቲሀ መሬት መሬት ታያለች። በጥፊ ቢያጮሏት ይሻላት ነበር።

በአራተኛው ቀን ቲቸር መፈለጉን ተዉት። ምግብም ተዉ። ፈቲሀ ሳህን ይዛ ስትገባ የድመቷ ወተት በጣሳው እንዳለ ረግቶ አየች።

«ድንገት ከመጣች ብዬ ነው» አሉ ቲቸር፣ እንዳፈሩ ሆነው።

ፈቲሀ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች፤ ማድቤቷ ገብታ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ሶላት ላይ ስትቆም እንኳ ዓይኗ ላይ የሚመጣባት ያ ጆንያ ሆነ። የእንስሳ ሀቅ ቀላል አይደለም፤ የኚህ ሴትዮ ሀቅ ሲጨመርበት ደግሞ ምን ተሸክማ ልትቆም ነው? ሲነጋ «ለቅቤ ቆሼ ደርሼ ልምጣ» ብላ ተነሣች።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባለቤቱ፣ ሽፋ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከሽፋሽፍታቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት ለብሰው ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ አለይኩም አባቴ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እህሉስ የታለ?»

«እህል አላመጣሁም። ድመት ጠፍታብኝ ነው። ግራጫ ናት፣ ደረቷ ነጭ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ከየት ነው የጠፋችብሽ?»

«ከቡታጅራ።»

«ከቡታጅራ እዚህ ድረስ በእግሯ መጣች?»

ፈቲሀ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«ያልሻት ድመት አለች» አሉ ሽፋ። «በአምስት ቀን ውስጥ አይጡን ድራሹን አጠፋችልኝ። ግን በእግሯ አልመጣችም። ገለባው ጋ ጆንያ ሲንቀሳቀስ አይቼ የፈታኋት እኔው ነኝ። በዚያ ፀሐይ፣ አፉ በሲባጎ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ! ትንሽ ብዘገይ ሞታ ነበር። ማን አባቱ እንዳደረገው ባውቅ!»

ፈቲሀ ወደ ገለባው ክምር ዞረች። አልፈታችውም! እንዳትቧጭራት ፈርታ፣ ሚኒባሱም እንዳያመልጣት ቸኩላ፣ ቋጠሮውን ነካ ነካ አድርጋ ነው የሄደችው። አምስት ቀን ሙሉ «ለቅቄያታለሁ፣ አልገደልኳትም» እያለች ራሷን ስታባብል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ፣ እኔው ነኝ ያሰርኳት። የኔም አይደለችም። ያስተማሩኝ ሴትዮ ናቸው ባለቤቷ፤ ከሷ ሌላ ማንም የላቸውም።»

«አስተግፊሩላህ!» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ይዤ አልሰጥሽም። ካመነችሽ ራሷ ትውጣልሽ፤ ግቢና ጥሪያት።»

ገባች። ከእህል ጆንያዎቹ ኋላ ሁለት ዓይን አያት። «ወይዘሪት» ስትል ድመቷ ጠጉሯን ነፍታ ይባስ ወደ ውስጥ ሸሸች። ድምፅዋን ታውቀዋላ! ጆንያ ውስጥ ሆና ስትረገም የሰማችው እሱኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ተንበርክካ ለመነቻት፤ ወይ ፍንክች። ያኔ ፈቲሀ ስልኳን አወጣች። ከደወለች መጋለጧ ነው፤ ካልደወለች ደግሞ ባዶ እጇን መመለሷ ነው። ደወለች።

«ቲቸር፣ ወይዘሪትን አግኝቻታለሁ። እኔን ፈርታ አልወጣም አለች። ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ፣ እርስዎ ይጥሯት።»

ከዚያ የቲቸር ድምፅ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። «ወይዘሪት! ነይ እናቴ! ነይ የኔ እመቤት! ውሮ፣ ውሮ…» መጨረስ አልቻሉም፤ ለቅሶው ቀደማቸው።

ድመቷ ጆሮዋን አቆመች። ቀስ ብላ ወጣች፣ ፈቲሀን ዞር ብላ ሳታያት ስልኩን በአፍንጫዋ ነካችው። ሽፋ ከኋላ መጥተው እቅፍ አደረጓት።

«የት ነው ያገኘሻት?» አሉ ቲቸር።

«ቆሼ።»

«ቆሼ? ቆሼ ምን ልትሠራ ሄደች?»

«መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ሽፋ ካርቶን ሰጧት፤ በየጎኑ ብዙ ቀዳዳ በስተውለት። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ድመቷ እስከ ቡታጅራ አለቀሰች፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ አጠገቧ ያለችው ሴት ድመትም ይሸጣል ወይ ብላ ቀለደችባት። ፈቲሀ ልታባብላት ጣቷን በቀዳዳው ስትሰድ ቧጨረቻት። እጇን አላነሣችም፤ ይገባኛል ብላ ደሟን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

ቲቸር መንገድ ላይ ወጥተው ጠበቋት። ቤት ገብተው ካርቶኑ ሲከፈት ወይዘሪት ዘላ ደረታቸው ላይ ወጣች። ሴትዮዋ ፊታቸውን ጠጉሯ ውስጥ ቀብረው ሳቁም አለቀሱም። ከዚያ ፈቲሀን ይመርቋት ጀመር።

«እግዚአብሔር ያክብርሽ! ደጅሽ አይዘጋ! ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ለእነሱም እንዳንቺ ያለ ደግ ሰው አያሳጣቸው!»

ምርቃቱ ልጆቿ ላይ ሲደርስ ፈቲሀ መቻል አቃታት። «ቲቸር፣ አይመርቁኝ» አለች፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። ቅቤውን፣ ጆንያውን፣ ያልፈታችውን ሲባጎ ሳይቀር።

ቲቸር አልጮሁም። ድመቷን ይደባብሷት ጀመር።

«ስለ ቅቤው እውነትሽን ነው፤ ልጠብቃት ይገባ ነበር» አሉ። «ሰው በንዴት ብዙ ያደርጋል። ጆንያውንም እረሳልሽ ይሆናል።»

ፈቲሀ እፎይ ልትል ነበር።

«ግን አብረሽኝ ጠራሻት። ሦስት ቀን ሙሉ አብረሽኝ ጠራሻት፣ ፈቲሀ። እዚያ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ እጄን ስከት ክንዴን ይዘሽ የደገፍሽኝ አንቺ ነበርሽ።»

«አፉ ይበሉኝ ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ፈቲሀ፣ እግራቸው ሥር ወድቃ።

ቲቸር በነፃ እጃቸው አነሷት። «አንድ ቀን አፉ እልሽ ይሆናል። ዛሬ ግን አልቻልኩም፤ ሂጂ ልጄ» አሉና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ልጄ ማለታቸውን አልተዉም ነበር፤ ፈቲሀን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ያስለቀሳት እሱ ነው።