የሌንሱ መጋረጃ

ኒቢያ ያን ዕለት ጠዋት መጋረጃውን የገለጠችው በክፋት አልነበረም። ለጉራ ነበር። በፑንታ ዶሎሬስ መንደር ጉራ እንደ ጉንፋን ነው፤ የማይይዘው ሰው የለም።

ሌንሱ ድሮ ባሕሩ ዳር ባለው የመብራት ማማ አናት ላይ እየተሽከረከረ መርከቦችን ሲመራ የኖረ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብርጭቆና የነሐስ ሥራ ነው። ማማው ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት ሲገባለት መንደርተኛው ሌንሱን ፈታትቶ አወረደና በአሮጌው የዓሣ መጋዘን ውስጥ መልሶ ገጣጠመው። አሁን ግን ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዮ «እናንተ አትችሉበትም፤ ወደ ዋናው ሙዚየም ይምጣ» የሚል ነገር ተነስቷል። ሴኞራ ኤቼኒኬ የሚባሉ ሴት የሙዚየም ሹም አያያዙን በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ የሚመጡት በዚያ ቀን ነበር። ስለ ሌንሱ ስትሟገት የከረመችውም ኒቢያ ናት። «የኛ ነው፤ ከኛ በላይ የሚያውቅበት የለም!» ብላ በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ደብድባለች።

እንዲህ ያስደነፋት አጎቷ ዶን ዋልደማር ናቸው። የማማው የመጨረሻ ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ዛሬም በየጠዋቱ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ የልብሳቸው ቁልፍ ብርጭቆውን እንዳይጭር ተጠንቅቀው ሌንሱን በኮምጣጤ ይወለውላሉ። ፀሐይ ሳትወጣ ደግሞ ዙሪያውን በመጋረጃ ይሸፍኑታል። ሌንስ የውስጡን ብርሃን ወደ ውጭ እንደሚወረውር ሁሉ በመጋዘኑ መስኮት የሚገባውን የፀሐይ ብርሃንም ሰብስቦ ወደ መሃሉ ያስገባል፤ እዚያ ያገኘውን ያነዳል። ይህን የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው የሰው ስም መርሳት ጀምረዋል እንጂ መጋረጃውን ረስተው አያውቁም።

ኒቢያ ከሌንሱ መሃል፣ ፋኖሱ በነበረበት ቦታ፣ ተማሪዎች የሠሩትን የወረቀት አበባ አስቀመጠች። ሴትዮዋ ገና በሩን ሲያልፉ ሌንሱ ቀስተ ደመና ሲረጭ እንዲያዩላት ፈልጋለች። «ለአፍታ ምን ይሆናል» ብላ አጎቷ የዘጉትን መጋረጃ ገለጠችና እንግዳ ልትቀበል ወጣች። መኪናው ዘገየ። እሷም ደጅ ላይ ከሴቶቹ ጋር የማቴ ሻይ እየጠጣች፣ ቶርታ ፍሪታ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ቂጣ እየገመጠች ወሬ ያዘች። መጋረጃውን ጭራሽ ረሳችው።

የመኪናው መድረስና የጭሱ መውጣት አንድ ሆነ። ሰው እየተጋፋ ሲገባ ዶን ዋልደማር የጓሮውን በር ከፍተው ቀድመዋቸዋል። የሚነደውን አበባ በሽርጣቸው አፍነው፣ በሌላው እጃቸው መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል። ሌንሱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ አንዱ ብርጭቆም ተሰንጥቋል።

«ማነው የገለጠው?» አሉ ሴኞራ ኤቼኒኬ።

ሁሉም መጋረጃ የያዘውን እጅ አየ።

«ውይ፣ ዶን ዋልደማር!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ዙልማ። «ባለፈው እኔንም በእናቴ ስም ጠርተውኛል እኮ!»

ሽማግሌው ኒቢያን አዩዋት። ቶሎም ዓይናቸውን ከሷ ላይ አላነሱም። እኔ ነኝ ማለት ምን ይከብዳል? ኒቢያ ግን እንደ ሌባ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አሉ በመጨረሻ። «እርጅና ነው፣ ሴኞራ።»

ሴትዮዋ አዘኑ። «በሽማግሌ ስህተት መንደሩን አልቀጣም። ሌንሱ እዚሁ ይቆይ። እኚህ አባት ግን ከእንግዲህ ወደዚህ እንዳይገቡ፤ ኃላፊነቱን ኒቢያ ትውሰድ።»

ሰው በደስታ አጨበጨበ። ኒቢያም አብራ አጨበጨበች። ያጨበጨበችበትን እጅ የት እንደምታስገባው ጠፋት።

ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ሄደች። ዶን ዋልደማር የተቃጠለ እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አጎቴ፣ እርስዎ አይደሉም። መጋረጃውን የገለጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ምን፣ ጃጀ ብለሽ ነው? ስም ብረሳ የገዛ እጄን ሥራ እረሳለሁ?»

ኒቢያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ያፈረችው በሳቸው ፊት ብቻ አልነበረም፤ እራሷንም ጠላችው። «ነገ ለሴትዮዋ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«እንዳታደርጊው! ሌንሱን ጭነውት ይሄዳሉ። አንቺ የምትጠብቂው መስሏቸው ነው የተዉት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አጎቴ?»

«ምንም። ያለፈ ነገር ነው።» ጨርቁን በደህናው እጃቸው አጠበቁት። «እዚያ ቆሜ ጠበቅኩሽ እኮ። 'እኔ ነኝ' ብትዪ ኖሮ፣ 'አትስሟት፣ ለኔ አዝና ነው' ብዬ በእናቴ እምልልሽ ነበር። ሰዉም እኔን ነበር የሚያምነው። ሌንሱም እዚሁ ይቀር ነበር፣ እኔም እባረር ነበር፤ የሚቀየር ነገር አልነበረም። ብቻ ትያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»