በኸዲጃ አፍ የተሸጠው ዘይት

ኸዲጃ ከጅዳ ተመልሳ መካነ ሰላም ውስጥ የልብስ ሱቅ ከከፈተች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ካሜራ የያዙ ሰዎች ሱቋ ድረስ መጡ። መሪያቸው አምባቸው ይባላል። «ለጤና ፕሮግራም ነው፤ ከዐረብ አገር ተመልሰው ወላጅ የሚጦሩ ሴቶችን እያነጋገርን ነው» አላት። ደስ አላት። እናቷ ጉልበቷን ታማ ዓመት ሙሉ ከአልጋ እንዳልወረደች፣ ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አሁን በእግሯ ገበያ እንደምትወጣ አጫወተቻቸው። ሲጨርሱ «ለወጉ ያህል ነው» ብለው ወረቀት አስፈረሟት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕሮግራሙ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ደሴም የለ፣ ሆስፒታልም የለ። «እናቴ ከአልጋ አትወርድም ነበር» ትላለች ኸዲጃ፤ ወዲያው አንድ ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይታያል፤ ከዚያ «አሁን አልሐምዱሊላህ፣ በእግሯ ገበያ ትወጣለች።» ከሥሩ ጉልበት፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ያድናል ይላል። ማስታወቂያ ነው የሚል ቃል ግን የትም አልተጻፈም።

ደወለችለት። አምባቸው ሳቀ። «እህቴ፣ ፈርመሻል እኮ። ድምፅሽም መልክሽም ለአምስት ዓመት የኩባንያው ነው።»

በወሩ ጎረቤቷ እትዬ ንግሥቴ ወደቁ። የደም ግፊት ክኒናቸውን ትተው ያንን ዘይት ሲጠጡ ከርመው ኖሯል። ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ኸዲጃ ልትጠይቃቸው ስትገባ «አንቺ ካልሽ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ» አሏት። ወቀሳ እንኳ አልነበረበትም፤ አንጀቷን የቆረጣት እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂም ያዘች።

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው በገበያ ቀን እዚያው መካነ ሰላም ዘይቱን የሚያስተዋውቅበት ድግስ ሊያዘጋጅ፣ በቀጥታም ሊያስተላልፍ ተነሣ። አምባቸው ራሱ ደውሎ መድረክ ላይ እንድትመሰክር ጠየቃት።

«ኧረ በደስታ!» አለችው።

ቀኑ ደርሶ ማይኩን ሲሰጧት እትዬ ንግሥቴን ደግፋ አወጣች። አምባቸው እናቷ መስለውት አጨበጨበ።

«እኚህ እናቴ አይደሉም» አለች። «እናቴን ያዳናት የደሴ ሐኪም ነው፤ ወረቀቱ ይኸው። እኚህ በእኔ አፍ ተታለው ይህን ዘይት የጠጡ ናቸው። እትዬ፣ እጅዎን ያሳዩዋቸው።»

ንግሥቴ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንሥተው ለቀቁት። ተንጠልጥሎ ቀረ።

አምባቸው ማይኩን ሊነጥቃት ተንደረደረ። «ድምፄ የኩባንያው ነው አላልከኝም? ይኸው፣ ለኩባንያህ እየተናገረ ነው!» አለችው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ስርጭቱን ማቋረጥ ረስቶ ፈዝዞ ቆሟል። ጠርሙስ ወደ መድረኩ ይወረወር ጀመር፤ አምባቸው ሮጦ መኪና ውስጥ ገብቶ ቆለፈ።

ለሌላ ሰው ይህ ይበቃው ነበር። ኸዲጃ ግን የመድረኩን ቪዲዮ በአካባቢው ከተሞች፣ አጅባር፣ ወግዲ፣ ማሻ ላሉ የጅዳ ጓደኞቿ ሁሉ ላከችው። የኩባንያው መኪና ወግዲ ሲደርስ ሰዉ ቀድሞ ሰምቶ ከመግቢያው መለሰው፤ የአጅባሩ ወኪል ጠርሙሶቹን ራሱ አውጥቶ ደፋ።

በሦስተኛው ሳምንት አምባቸው ደወለ። አሁን አንቱ ይላታል። «ያንን የዘይት ማስታወቂያ አጥፍተነዋል። ይቅር ይበሉኝ፣ ከሥራ ልባረር ነው።»

«ወላሂ፣ ገና ነኝ» ብላ ዘጋችበት።

የንግሥቴ እጅ አልዳነም። ኸዲጃ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ሄዳ ሻሻቸውን ታስርላቸዋለች። አንድ ቀን «ይቅር በይው እንጂ፣ ልጄ» አሏት።

ኸዲጃ የሻሹን ቋጠሮ ይበልጥ አጠበቀችው።