የዮሃና ማድቤት

ኃይለጊዮርጊስ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። በሚኖርበት በአማን ከተማ ገበያ ሥጋ ሲገዛ ሁለቴ ያስመዝናል። ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ ሥር የቀረ ዱቄት መኖር አለመኖሩን ያያል። ሚስቱ እታገኝ «ይሄ ሰውዬ ንስሐ ሲገባ እንኳ ቄሱን በጎን እያየ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። እንዲህም ሆኖ በሕይወቱ ጠርጥሮት የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ከድር ነው።

ከድር በወጣትነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ አማን ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። የሁለቱ ጓሮ የተያያዘ ሲሆን መሀል ላይ ያለው አጥር ለስሙ ያህል የቆመ ነበር። ቡና ሲደርስ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ይለቅማሉ፤ ቀዩን እሸትም በአንድ የቡና ማስጫ አልጋ ላይ ያሰጣሉ። እታገኝ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ደም የሰጣት ከድር ነው። ኃይለጊዮርጊስ ይህን ውለታ በየደረሰበት ያወራ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሏል እንዲህ ነው።

ስለ ሰፈሩ ማድቤቶች አስቀድሞ ካልተነገረ ግን የተፈጠረው ነገር ለማንም አይገባም። አዲስ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ፕላን ይጠይቃል፣ ፕላኑ ካርታ ይጠይቃል፣ ካርታው ደግሞ «ነገ ተመለስ» መባልን ይጠይቃል። ከዋናው ቤት ጀርባ ማድቤት ለሚቀልስ ግን ማንም ምንም አይለውም። ስለዚህ የዚያ ሰፈር ሰው ልጁ ሲያገባ ማድቤት ይሠራል፤ እናቱ ስታረጅም ማድቤት ይሠራል። መስኮትና መጋረጃ ያለው ማድቤት ነው እንግዲህ፤ ሶፋ የገባበትም ነበር። በአንዱ ጥግ ሦስት ጉልቻ ይቀመጣል። ደንብ አስከባሪዎች ብቅ ሲሉ ቀድሞ ያያቸው ሰው «ጎመኑ አረረ!» ብሎ ይጮኻል። ያኔ በየጓሮው ፍራሽ ይጠቀለላል፣ እርጥብ እንጨት ይለኮሳል፣ ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ይታፈናል። ደንብ አስከባሪዎቹ ዓይናቸውን እያሹ «እናንተ ሰፈር ቀኑን ሙሉ ነው እንዴ የሚበላው?» ብለው ይመለሳሉ።

የኃይለጊዮርጊስ ልጅ ዮሃና ትዳሯ ቴፒ ላይ ፈርሶባት ሕፃኗን ታቅፋ ስትመለስ አባቷ የሠራላት እንዲህ ያለ ማድቤት ነው። ዋናው ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ ወንድሞቿ እንኳ የሚተኙት ተደራርበው ነው። ኃይለጊዮርጊስ ግድግዳውን በገዛ እጁ መረገ፣ በሩን በገዛ እጁ ገጠመ። ዮሃና ቁልፉን ስትቀበለው ቴፒ ላይ ዕቃዋ ውጭ የተወረወረበት ቀን ትዝ አላትና «አባባ፣ ከዚህስ የሚያስወጣኝ የለም አይደል?» አለችው። «እኔ ቆሜ እያለሁ?» አላት። ከዚያ ወዲህ ያ ክፍል ለእሱ የልጁ ክብር ነበር። እንዳይነካበት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ጀመር።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሞባይል የገዛ ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት እየወጣ «ሃሎ! ይሰማሃል?» እያለ ከዛፍ ጋር የሚጨቃጨቅበት ዘመን ነበር። አንድ ቀን ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የተሸከሙ ቀያሾች መጥተው ከሁለቱ ጓሮ በስተጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ መለካት ጀመሩ። አንቴና ሊተከል ነው ተባለ። ከተከሏቸው ቀይ ችካሎች አንዱ የተመታው ከዮሃና ግድግዳ ሥር ነው ማለት ይቻላል፤ በሯን ከፍታ አንዴ ብትራመድ ትደርስበታለች። የሜትሩን ጫፍ ይዞ ከቀያሾቹ ጋር ወዲያና ወዲህ የሚለው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከድር ነበር።

ኃይለጊዮርጊስ ከቡናው ዛፎች መሀል ቆሞ አየው። ከድር ይስቃል። ሻይ ያስመጣል። ዋናውን ቀያሽ ትከሻውን ይዞ ወደ ጎን ወስዶ የሆነ ነገር ያንሾካሹክለታል።

በማግስቱ ጉሊት ላይ ጎመን የምትሸጠው ንጋቷ አገኘችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ኃይሌ፣ ነገር ማመላለስ አልወድም፤ ግን ሆዴ አልቻለም» አለችው። ሆዷ ችሎ አያውቅም። «ቀያሾቹ የዮሃናን ክፍል እያሳዩ ‹ሰው ይኖርበታል?› ብለው ከድርን ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹የለም፣ ማድቤት ነው› አላቸው። እነሱም ‹መኖሪያ ቤት ካልሆነማ ደንቡ አይከለክለንም› ብለው ጻፉ። አንቴና ከመኖሪያ ቤት መራቅ አለበት አሉ። ማድቤትና በረት ግን ከቁጥር አይገባም።»

ይህን የሰማ ዕለት ኃይለጊዮርጊስ ምሳውን አልበላም። ነገሩን አገላብጦ ባየው ቁጥር እየጠቆረበት ሄደ። ከድር የሞባይል ካርድ ይሸጣል። አንቴናው ከሱቁ ጀርባ ከቆመ ዳገት ይወጣ የነበረው ሰው ሁሉ በደጁ ሊሰለፍ አይደል? ታዲያ «ማድቤት ነው» ቢል ምን ይገርማል! ባለፈው ሳምንት ለዮሃና ልጅ ብስኩት መላኩም ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«እስቲ ራሱን ጠይቀው» አለች እታገኝ። «ማድቤት ነው ያላልንበት ቀን አለ? አንተስ ለእሱ እናት ክፍል ስንት ጊዜ እንዲህ አላልክም?»

«ሌባን ሰርቀሃል ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

«ደሙ በደም ሥሬ የሚዞረውን ሰው ሌባ አትበለው።»

ኃይለጊዮርጊስ ይብሱን ተናደደ።

ከትንሽ ቀናት በኋላ ከድር ራሱ ወደ አጥሩ መጣ። ፊቱ ብሩህ ነበር። ግራ ቀኙን አይቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር፤ ሰው በሌለበት ቢሆን ይሻላል» አለ።

ግራ ቀኝ ማየቱን ኃይለጊዮርጊስ ልብ አለ። ሊሸነግለኝ ነው የመጣው ሲል አሰበ።

«እኔም የምነግርህ አለኝ። ቡናህን ከማስጫ አልጋዬ ላይ አንሳልኝ። ዘንድሮ ለየብቻ ነው።»

ከድር የሰማውን ማመን አቃተው። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለና ጀርባውን ሰጥቶት ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዚያ አቅጣጫ ላለማየት ምሎ ጓሮውን እንኳ ተወው።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋቢውን ለብሶ በባጃጅ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወረደ። የፕላን ክፍሉ በባለጉዳይ ተጨናንቋል። ሲሞን የሚባለው ባለሙያ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር አቋርጦ የማያውቅ ሰው ነበር። ለኃይለጊዮርጊስ ክፉ ዕድል ሆኖ ያን ቀንም አላቋረጠውም።

«አንቴና ከመኖሪያ ቤት ይራቅ ይላል አይደል ደንባችሁ?»

«ይላል፣ አባት።»

«ታዲያ ልጄ ራስ ላይ ብረት የምታቆሙት በየትኛው ደንብ ነው?»

ሲሞን የሰፈሩን ስም ጠየቀና ካርታውን ዘረጋ። «በዚህ በኩል መኖሪያ ቤት የለም፤ ማድቤት ነው ያለው።»

«ማነው ማድቤት ያለው? ልጄ ከነሕፃኗ የምትኖርበት ቤት ነው! አልጋ አላት፣ ቁም ሳጥን አላት! ዓመት አለፋት!»

«ዓመት አለፋት?» አለ ሲሞን።

እዚህ ላይ አንደበቱን መግታት ነበረበት። ግን በንዴት የተከፈተ አፍ መቼ ይዘጋል! «ማድቤት አትበለኝ! እዚያ ሰፈር ማድቤት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ቤት ነው! ሁሉም ውስጥ ሰው ይኖራል! ያ ከሐዲ ነጋዴ ራሱ እናቱን የሚያስተኛው የት ሆነና?»

ተራ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ ዞሮ አየው። ሲሞን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ካርታውን ወደ ኃይለጊዮርጊስ አዞረው።

«አባት፣ ያ አንቴና እኮ ከቦታው ከተነሳ ቆየ። ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ወስደነዋል። ያስነሳውም ያ የሚሉት ነጋዴ ነው። እየተመላለሰ አላስቀምጥ አለን። ‹ከአንቴናው አጠገብ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ትተክላላችሁ፤ እዚያ ደግሞ ቀን ከሌት እሳት የማይጠፋበት ማድቤት አለ፤ ፍንጣሪ ቢደርስ ማን ሊጠየቅ ነው?› አለ። እውነቱን ነው ብለን አዛወርነው። እስካሁን አልነገረዎትም?»

ለካ ከድር ሰው በሌለበት ሊነግረው የመጣው ይህንን ነበር። ማድቤት ነው ባለው በአንድ ቃል ከድር ክፍሉንም ከአፍራሽ፣ ዮሃናንም ከአንቴና አድኗት ነበር። ኃይለጊዮርጊስ አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮም አያውቅም።

«ልጄ፣ ያልኩትን እንዳልሰማህ ቁጠረው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማድቤት ነው። በንዴት ነው የተናገርኩት።»

«እኔ እንዳልሰማሁ ብሆን ይሄ ሁሉ ባለጉዳይ ሰምቷል፣ አባት» አለ ሲሞን። ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኗል። «ፈቃድ የሌለው መኖሪያ እንዳለ ከተነገረኝ መጥቼ ማየት አለብኝ። ሥራዬ ነው።»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ የእሱ ግን የሚለቀምም አልነበረም። ባጃጅ ሳይዝ ዝናቡን በጋቢው ተከናንቦ በእግሩ ተመለሰ። ቤት እንደደረሰ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዶ አየ። ከዮሃና ግድግዳ ሥር ችካል አልነበረም፤ የተነቀለበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል። ከድርን በክፉ ሲጠረጥር ችካሉን ማየት ረስቶ ነበር። ለከድር ሊነግረው አጥሩ ድረስ ሄደና ሳይጠራው ተመለሰ። ለእታገኝም አልነገራት። ምናልባት ሲሞን ይረሳው ይሆናል እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

ሲሞን አልረሳም። በገበያ ቀን፣ ሰፈሩ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እሱና ደንብ አስከባሪዎቹ በወንዙ በኩል በጓሮ ገቡ። የጮኸም የለም፣ የጨሰም የለም። በሩን ሲያንኳኩ ዮሃና ልጇን እያጠባች ከአልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የመፍረሻ ምልክት አደረጉበት፤ ዕቃ እንድታወጣም ቀን ተሰጣት። ዮሃና በሩ ላይ ቆማ ቀለሙ ወደ ታች ሲንጠባጠብ አየችና፣ «ማን ነገራቸው?» አለች። ኃይለጊዮርጊስ መሬት መሬት አየ።

ቀጥሎ ወደ ከድር ጓሮ አለፉ። ገበያ ያልወጣው ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ከድርም ከሱቁ ሮጦ መጥቷል። የእናቱ ክፍል በር ዝግ ነበር። ሲሞን እጀታውን ሳይነካ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ዞረ።

«አባት፣ ሁሉም ቤት ነው ብለውኝ ነበር። ይሄኛውስ?»

የሰው ዓይን ሁሉ ኃይለጊዮርጊስ ላይ ተተከለ። ንጋቷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እታገኝ «አንተ ነህ?» አለች። ዮሃና ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ማድቤት ነው» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«የልጅዎም ማድቤት ነበር።»

«ይሄኛው የእውነት ማድቤት ነው። እምላለሁ። ጊዮርጊስን! መስቀል አምጡልኝ፣ መስቀል መትቼ...»

«ይተዉ ጋሼ» አለ ከድር። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «በእኔ ምክንያት በሐሰት አይማሉ።»

ከዚያም ራሱ ሄዶ በሩን ከፈተው። እናቱ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። «ከድር፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» አሉ።

«አዎ እናቴ» አለ ከድር፤ ወደ ሲሞንም ዞሮ፣ «ቤት ነው» አለ።

ከደንብ አስከባሪዎቹ አንዱ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ኃይለጊዮርጊስ ከድር አንድ ነገር እንዲለው ጠበቀ። ቢሰድበው፣ በሰው ፊት ምራቁን ቢተፋበት ደስ ባለው። ከድር ግን አጠገቡ መጥቶ የተናገረው እንደ ወትሮው ነበር።

«እናቴን እኛ ጋ ሳሎን አስተኛታለሁ። ሱቁ ጀርባ ዕቃ የማስቀምጥባት ክፍል አለች፤ እሷ ፈቃድ አላት። ዛሬውኑ አስጠርጋታለሁ። ለዮሃና ይንገሯት።»

መንገር አላስፈለገም፤ ዮሃና ሰምታለች። ወደ ክፍሏ ተመልሳ የሕፃኑን ልብስ በአንሶላ ቋጥራ ወጣች። ኃይለጊዮርጊስ እጁን ዘርግቶ «አምጪ፣ ልያዝልሽ» አላት። በአጠገቡ አልፋ ቋጠሮውን ለከድር ሰጠችውና ተከትላው ሄደች።