ሰማንያ ሁለት ኪሎ ላይ

የሚዛኑ ቀስት ለስድስተኛ ሳምንት ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች።

«እትዬ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ቤት ሠርተዋል መሰለኝ።»

እሷ አልሳቀችም። የታናሽ ወንድሟ ደም በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን ይታጠባል። የእሷ ኩላሊት እንደሚስማማው በምርመራ ታውቋል፤ ከስድስት ሳምንት በፊትም ልትሰጠው ወረቀት ላይ ፈርማለች። የቀራት ኪሎ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከሰባ ስምንት በላይ ሆና ወደ ቀዶ ጥገና እንደማያስገቧት ቁርጡን ነግረዋታል። ከዘጠና አራት እስከ ሰማንያ ሁለት ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ነበር የወረደችው። አሁን ግን ቀስቱ ተቸንክሯል።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክበብ ዋና አብሳይ ናት። ሠራተኛው «እትዬ ልክነው» ይላታል፤ ድስቱን ቀምሳ «ልክ ነው» ሳትል አንድ ሳህን አይወጣምና። የማንንም ምላስ አታምንም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ሚዛኑን ነበር። መጋዘን ጠባቂው ዞር እስኪል ጠብቃ የሩዝ ጆንያ የሚመዘንበት ላይ ወጣች። ሰማንያ ሁለት። ሚዛኑ ከደሙ ነጻ ሆነ።

ቀጥሎ ደብተሯን መረመረች። የጎረሰችው ሁሉ ተጽፏል። ቁርስ አንድ እንቁላል፣ ምሳ ጎመንና ግማሽ ዳቦ፣ እራት ባሏ የሠራው ሾርባ።

ባሏ የሠራው።

እጇ ገጹ ላይ ቀረ። ባሏ ቤት ቀቢ ነው። ስለ ኩላሊቱ የነገረችው ቀን ብሩሹን ሳያስቀምጥ «አንድ ታማሚ አይበቃንም? ሁለት ልታደርጉት ነው?» ብሎ ነበር። በሳምንቱ ግን «ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ትቆሚያለሽ፤ እራቱን ለእኔ ተዪው» አለ። ያኔ ደግነት የመሰላት ነገር አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ሚስቱ ካልከሳች ኩላሊቷም ከቤት አይወጣም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመረች። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዷል። እሱ ደግሞ ሾርባው ዘይት የሚባል ነገር እንደማያውቅ በየማታው ይምልላታል።

«ጣፍጧል ዛሬ» አለችው፣ ማንኪያውን ወደ መብራቱ አዘንብላ።

«ምን ታያለሽ? ዓሣ ልታጠምጂ ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባችና በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አየች። ካሮቱ ተከትፎ ተቀምጧል። ባሏ ጠርሙሱን አንስቶ ከፈተ። ዘይቱን ግን ድስት ውስጥ አልጨመረውም። መዳፉ ላይ አፈሰሰውና እጁን እስከ ክርኑ ማሸት ጀመረ።

በሩን በረገደችው። «ምንድነው የምታደርገው?»

ደንግጦ ጠርሙሱን ሊጥለው ነበር። «የዘይት ቀለም ነዋ! እንዴት ሆኖ ይለቃል ታዲያ?»

«በቤንዚን ነበር የምታስለቅቀው!»

«ቤንዚን በነካው እጄ ካሮት ልላጥልሽ?» ካለ በኋላ በእጇ የያዘችውን ጫማ አየ፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የእርሳስ መስመር። ነገሩ ገባው። «ምግብሽ ውስጥ ዘይት የምደብቅ መስሎሽ ነው?»

ጫማዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አልፈልግም። ፈርቻለሁ። ይህንን ግን ፊት ለፊት ነው የነገርኩሽ፤ በሾርባ አልዞርኩብሽም።» ዘይቱን በጨርቅ ጠረገው። አረንጓዴው ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ። ያን ቀን ሾርባውን ሳይነጋገሩ ጠጡ።

ሚዛኑ ንጹሕ፣ ባልየው ንጹሕ። ታዲያ ማን ቀረ? ጠዋት ክበቡ ውስጥ አራት ትልልቅ ድስቶች ተጥደው ነበር። ጭልፋውን ምስሩ ውስጥ ነክራ ወደ አፏ ስታስጠጋ እጇ ቆመ። ይህ ደብተሩ ውስጥ የለም። ቅምሻ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ አይበላም። ሃያ ዓመት እንዲያ ነበር የምታስበው።

ጎድጓዳ ሳህን አመጣች። ልትቀምስ የነበረውን ሁሉ አፏ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ውስጥ ገለበጠችው። ለጨው አንድ፣ ለብስለት አንድ፣ «እስቲ እንደገና» ብላ አንድ። የምሳ ደወል ሳይደወል ሳህኑ ሞልቶ አፋፉ ላይ ደረሰ።

የክበቡ ሽማግሌ ጋጋሪ አባባ ዳቦ በዱቄት እጃቸው እያለፉ አዩት። «የማን ምሳ ነው? የሁለት ሰው ያህላል።»

«ቅምሻ ነው።»

«በጭልፋ? አንቺ እኮ ድሮ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ነበር የምትቀምሺው፤ እንደ ወፍ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው በጭልፋ?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ? የሆነ ወረቀት ፈረምኩ ብለሽ የመጣሽ ሰሞን ነው። ማንኪያው ጠፋ ብለሽ።»

ማንኪያው የት እንዳለ ታውቅ ነበር። መሳቢያውን ስትስበው ጥጉ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የጠቀለለችው ራሷ ናት።

ማታ ሳህኑን በክዳን ሸፍና ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሌባው ተያዘ» አለች።

ባሏ ከኩርፊያው ቀና አለ። «ማን ሆኖ ተገኘ?»

«እኔ።» ተቀመጠች። «ወንድሜ ነው፤ እወደዋለሁ። አፌ እሺ ይላል፣ እጄ ግን ከፈረምኩ ጀምሮ... እኔም ፈርቻለሁ። ቢላዋውን ፈርቻለሁ።»

ክዳኑን ከፍቶ ሙሉውን ሳህን አየ። «እኔን ጥፋተኛ ብታደርጊኝ ይቀልሽ ነበር» አለ። «ግድ የለም፣ አሁን በአንድ ላይ እንፈራለን። ከተውሽው ለወንድምሽ አብሬሽ ሄጄ እነግረዋለሁ። ካልተውሽውም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አልተውም» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር።

በማግስቱ የሻይ ማንኪያውን ለአባባ ዳቦ ሰጠቻቸው። ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጨው ያንሰዋል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ወይ እመኚኝ ወይ ማንኪያሽን ውሰጂ።»

ምላሷ አፏ ውስጥ ተገላበጠ። ጨዉን ቆንጥራ በተነችና ጀርባዋን ለድስቱ ሰጠች። ያን ቀን ማንም ስለ ጨው አላጉረመረመም፤ እሷ ግን የእያንዳንዱን ተመጋቢ ፊት ስትሰልል ዋለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ሰማንያ ላይ ረጋ። ነርሷ አጨበጨበች። «ቤቱን ለቀቁ እኮ!»

በሩ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቃትን ባሏን አየችው። የተሰማት ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም።

«ሚዛኑ» አለቻት ነርሷን፣ ሳትወርድ፣ «ልክ ነው?»