የድንቡሼ ደብተር

ድመታችን ድንቡሼ ስሙን ያገኘው ስድስት ኪሎ በሚመዝንበት ዘመን ነው። ያኔ ከሶፋው ዘሎ ሲወርድ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ቀና ብለው ጣሪያቸውን ያዩ ነበር። አሁን ስሙ ስድብ ሆኖበታል። ጀርባውን ስዳብሰው አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንጀቱ ከታመመ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የእንስሳት ሐኪሙ "አይድንም፤ ግን በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል" ብሎናል። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፣ ጠዋትና ማታ ኪኒን፣ እና ደብተር።

ጉድ ያፈላው ደብተሩ ነው።

የታዘዝነው ቀላል ነገር ነበር። በየቀኑ አራት ነገር መጻፍ፦ ምን ያህል በላ፣ አስታወከ ወይ፣ ዓይነ ምድሩ ምን ይመስላል፣ ጠባዩ እንዴት ነው። ክሊኒኩ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ድንቡሼ ደግሞ መኪና ውስጥ ከገባ ሆዱ ይገለበጣል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ገጹን ፎቶ አንስቼ በስልክ እልካለሁ፤ ሐኪሙ አይቶ ኪኒኑን ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። የቀኑን እናቴ ትጽፋለች፤ ከምሽት እስከ ጠዋት ያለውን እኔ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም እውላለሁ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ስታ ካየሁ የሚነደኝ ሰው ነኝ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለው እንዲያሳፍረኝ ነው።

እናቴ ጭንቀት አትችልም። አንድ ነገር ካሳሰባት እህል አይወርድላትም፤ እንቅልፍም የለ። ድንቡሼን ደግሞ የምትወደው በድብቅ ነው። እኔ ፊት "ይሄ ሆዳም" እያለች ትሰድበዋለች፤ በሩን ዘግቼ ስወጣ "የኔ ጌታ፣ እስቲ አንዴ ቅመስልኝ" ስትለው ከደረጃው ላይ እሰማታለሁ።

የመጀመሪያው ውሸት ትንሽ ነበር። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ድንቡሼ ሲያቃስት ነቃሁ። ሆዱ እየተኮማተረ ምንጣፉ ላይ ቢጫ አረፋ አወጣ፤ ከዚያ ጥፋተኛ ይመስል ቀና ብሎ አየኝ። አንጀቴን በላው። ጠረግሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ደብተሩን ገለጥኩ። በእናቴ የተንጋደደ ጽሕፈት "በደህና ዋለ። ሁሉንም በላ" ይላል። በዚህች መስመር ተደስታ ነው የተኛችው። ስትነሳ የኔን ብታይ ቁርሷን ትተዋለች። "አላስታወከም" ብዬ ጻፍኩ። አንዴ ነው፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሁለተኛው ቀለለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ምንጣፉን ጠርጌ ሳልጨርስ የምጽፈውን አውቀው ነበር። የምጽናናበትም አላጣሁም፤ ሌሊት ቢያስታውክም ቀን ቀን እየበላ ነው፣ እናቴ ጽፋዋለች። እናቴ ደግሞ አትዋሽም።

በአራተኛው ዓርብ ሐኪሙ መልስ ላከ፦ "በጣም ደስ ይላል! እንግዲህ ኪኒኑን በግማሽ እንቀንስ።"

ደውዬ ልናገር ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ። ግን እናቴ አጠገቤ ቆማለች፤ "ምን አለ? ምን አለ?" ትላለች። አነበብኩላት። "ተመስገን" አለችና ቶሎ ዞር ብላ የታጠበ ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ቀናት አያድርስ ነው። ሥራ ቦታ ስልክ በጮኸ ቁጥር የማርመውን መስመር ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ ፌዝ የማያልቅባት፣ ድንቡሼ እንደከሳ ስነግራት፣ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል ነበር፤ ያንቺ እንጃ፣ እውነትም መንኩሶ ጾም ይዟል" አለችኝ። ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ። በዚያው ሳምንት የአራተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ "አምስተኛ ክፍል" እንደተባለ አሳልፌ ፈረምኩ፤ የደረሰበት የማሽኑ ሠራተኛ ነው። በሥራዬ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ድንቡሼ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ገብቶ አልወጣም አለ። ስጎትተው አልቧጨረኝም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ይሄ ድመት ሳይቧጭር ተነክቶ አያውቅም። መሸከሚያ ሳጥኑ ውስጥ ከትተነው ወደ ክሊኒኩ በረርን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትና ያለው። ድንቡሼን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ባለፈው አራት ኪሎ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ሚዛኑን አጥፍቶ መልሶ አበራው፤ ያው ነው። ከዚያ ደብተሩን ተቀብሎ ገጽ በገጽ አነበበ።

"ይሄ አይገናኝም" አለ። "አንጀቱ አገርሽቶበት ቢሆን ያስታውክ ነበር፣ ያስቀምጠው ነበር። እዚህ ምንም የለም። እንዲህ እየበላ እንዲህ ከከሳ ሌላ ነገር ነው፤ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ። ዛሬውኑ።"

"ይችለዋል?" አለች እናቴ።

"እማማ፣ አልዋሽዎትም። በዚህ ክብደት ከማደንዘዣው መንቃቱን እጠራጠራለሁ። ግን በዚህ ደብተር ከሄድን ሌላ መንገድ አይታየኝም።"

የስምምነት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ። የእናቴ እጅ የድንቡሼ ጆሮ ላይ ነው። ብናገር፣ ወር ሙሉ ፊቷ ላይ ስዋሽ እንደኖርኩ እዚሁ ቆማ ትሰማለች። ዝም ብል፣ በእኔ ጽሕፈት የተነሳ ሆዱን ሊቀድዱት ነው። ዐይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

"ዶክተር፣ ያስታውካል" አልኩ።

"መቼ?"

"ሌሊት ሌሊት። ሳያስታውክ የሚያድርበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ወር አልፎታል። እያየሁ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።"

እናቴን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። የተናደደ ይመስላል፤ እያሰበ ግን ነው።

"ይሁን" አለ በመጨረሻ። "ግን ቀን ቀን ሳህኑን አጥርቶ እየበላ፣ ዓይነ ምድሩ ደህና ሆኖ፣ በሌሊቱ ብቻ አንድ ኪሎ ከምናምን አይቀንስም። አሁንም ከፍቼ ማየቱ አይቀርም።" ወረቀቱን መልሶ ወደ እኔ ገፋው።

እስክሪብቶውን አነሳሁ።

"ቀንም አይበላም።"

የተናገረችው እናቴ ናት። ድምጿ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ሐኪሙ "ምን አሉኝ?" ብሎ ጎንበስ አለ።

"አይበላም አልኩህ፣ ልጄ። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይተወዋል። የተረፈውን ደፍቼ ሳህኑን የማጥበው እኔ ነኝ። እዳሪውም ውኃ ነው፤ እሷ ሳትመጣ ጠርጌ፣ አየር አስገብቼ እጠብቃለሁ።" እኔን ሳታይ፣ ለድንቡሼ እንደምትናገር ሆና ቀጠለች። "ይቺ ልጅ ሙሉ ቀን ፊደል ላይ ተደፍታ ውላ ትመጣለች። ምን ብዬ ልቀበላት? ሌሊት ደህና ያድራል ብላ ስትጽፍ ደግሞ፣ እንግዲያው ሌሊት ያገግማል ብዬ ተጽናናሁ።"

እኔ በእሷ ቀን ተጽናናሁ፤ እሷ በእኔ ሌሊት። በመሐል ድንቡሼ ከስቶ አለቀ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ቀደደው። "ኪኒኑን የቀነስኩት እኮ ይህን ደብተር አምኜ ነው!" አለ፤ ትሕትናው ለአፍታ ጠፍቶ። "ሁለት ሰው ያለበት ቤት፣ አንድ እውነት የሚነግረኝ ይጥፋ?" መርፌ ወጋው፣ ግሉኮስ ሰካለት፣ ኪኒኑን ወደ ቀድሞው መለሰ። እሱ ዘንድ አድሮ ይታያል፤ በሦስት ቀን ውስጥ በራሱ መብላት ከጀመረ ይተርፋል አለን። ካልጀመረስ ብዬ አልጠየቅሁም።

ባዶውን ሳጥን ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ተመለስን። መንገድ ላይ እናቴ "እኔን ትዋሺኛለሽ?" አለችኝ። "አንቺስ?" አልኳት። በር ላይ ስንደርስ ቁልፉን እየፈለገች፣ "ከእንግዲህ የሆነውን ነው የምንነጋገረው። ቢያመኝም ይመመኝ" አለች። እሺ አልኳት፤ ግን አላመንኳትም። እኔን ራሴንም አላመንኩም።

ድንቡሼ በሦስተኛው ቀን በላ። ሐኪሙ ዘንድ ሳምንት ሰንብቶ ቤት ገባ፤ ትናንት ወስደን ስናስመዝነው መቶ ሃምሳ ግራም ጨምሯል። ዛሬ ከሰዓት በፊት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሥራ ቦታ ደውላልኝ አታውቅም።

"ግማሹን በላ" አለች። "ከዚያ አስታወከ። አንዴ፣ ትንሽ። ከዚያ ተመልሶ በላ። የሆነው ይሄው ነው።"

"አልቀነስሽም?"

"አልቀነስኩም። አልጨመርኩምም።"

አመንኳት። አስታወከ መባል እንዲህ ደስ ያሰኛል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር። "ጎሽ፣ እማዬ" ብዬ ስልኩን ልዘጋ ስል፣ እሷ አልዘጋችም።

"ሌላም አለ" አለች።

"ስለ ድንቡሼ?"

"ስለ እኔ። ጠዋት ጠዋት ያዞረኛል። ዛሬ ደረጃው ላይ ዓይኔን ጨለም ሲያደርገኝ ግድግዳ ይዤ ተቀመጥኩ።" አለች። "ሦስት ወር ሆኖታል፣ ልጄ።"

"የትም እንዳትንቀሳቀሺ" አልኳት፤ ቦርሳዬን አነሳሁ። "እየመጣሁ ነው።"