ሦስት ሰው

ሲኤምሲ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ አስተምራለሁ። ሰውን ማሳመኛው ሦስት ነው እላቸዋለሁ ተማሪዎቼን፤ አመክንዮ፣ ስሜት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተናጋሪው ተአማኒነት። እኔ በክርክር ተረትቼ አላውቅም። ባለቤቴ ወርቅዬ ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ቤት የገባችውም ለዚሁ ነው። "አንድ ቀን እንኳ አሸንፌህ አላውቅም፤ ደከመኝ" ብላኝ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷን ጋሽ መኩሪያን ላሳምን ብቻዬን ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ነጥቦቼን በወረቀት ጽፌያለሁ፤ ማስረጃዬን በተራ በተራ ደርድሬያለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ። እንኳን ሰው፣ ድንጋይም ባመነኝ ነበር!

"ጨረስክ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ።

"አዎ፣ ጨርሻለሁ።"

"ጥሩ ተናግረሃል። ሽማግሌዎችህስ የታሉ?"

ደሜ ፈላ። "ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ስለ እኔ ከእኔ የተሻለ ማን ያስረዳዎታል?"

"ስለ ራሱማ ማንም ያወራል። ስላንተ የሚናገሩልህን ሦስት ሰዎች ላክና ያኔ እንነጋገራለን።" እስከ በር ድረስ በክብር ሸኙኝ። ወርቅዬ ከጓዳ አልወጣችም።

ወደ ወሎ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ የሚላክ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። የሥራ ባልደረቦቼን፣ የድሮ ጓደኞቼን፣ ታላቅ ወንድሜን ሳይቀር አንድ በአንድ አየኋቸው። ረዳቱ "ወሎ ሰፈር መጨረሻ!" ሲል አንድም የሚላክልኝ ሳላገኝ ስሞቹ አልቀው ነበር።

ሁሉንም ረትቻቸዋለሁ።